ለስድስተኛው ምዕራፍ ሟች ጠፋ

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። የሰበታው ሚልኬሳ ጃለታ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ማክሮ ኢኮኖሚክስን ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግቧል። የኮሌጁ ደንብ አራተኛ ጊዜ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በሦስተኛው የወደቀ ይሰናበታል፣ እስከዚያ የተማረውን ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ፈተናው ከስድስት ምዕራፍ ነው፤ ከየምዕራፉ አሥር ጥያቄ፣ በድምሩ ስልሳ። ማለፊያው ሠላሳ ስድስት። በሚልኬሳ ቤት አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ከግድግዳው ማዶ የባጃጅ ጋራዥ፣ ከጋራዡ ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። ግቢው ውስጥ ሁለት ተከራዮች፣ አንድ ጥጃና እናቱ ወርቅቱ ይኖራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ድምፅ የማያወጣው ጠረጴዛው ብቻ ነው።

የክፍል ጓደኛው ሃዋ የቡራዩ ልጅ ናት። ትምህርቱን በመጀመሪያው ዙር በኤ አልፋዋለች፣ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም።

"አንተ የምትወድቀው ደደብ ስለሆንክ አይደለም" አለችው።

"አመሰግናለሁ።"

"ደደብም ነህ። ግን የምትወድቀው በሱ አይደለም። ስድስቱን ምዕራፍ ባንድ ጊዜ ሳታላምጥ ስለምትውጥ ነው።"

ከዚያ ለየምዕራፉ አሥር አሥር የመለማመጃ ጥያቄ አዘጋጅታ ሰጠችው። ደንቡንም ነገረችው፤ ምዕራፉን ያነባል፣ አሥሩን ይሠራል፣ መልሱን በስልክ ይልክላታል፣ ሰባት ያላመጣ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

ሚልኬሳ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ አነበበ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ባጃጅ እስኪነሳ ድረስ ብዙ ጊዜ አገሳ። እናቱ ጥጃውን እንዲያስር ጠራችው፤ ካሰረው በኋላ እንዲፈታው ጠራችው።

"ስንት አመጣሁ?" አላት ለሃዋ።

"ሦስት።"

"መጥፎ ነው?"

"ምርጫው አራት ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብመታ ሁለት ተኩል አገኛለሁ። አንተ አንብበህ ግማሽ ጨመርክ።"

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው። የሰፈሩ ዕድር ደንብ ግልጽ ነው፤ ድንኳን ተተክሎ እስኪነሳ ከየቤቱ አንድ ሰው ቀን ቀን ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። አባቱ ጃለታ በጠዋት ጭድ ጭኖ ወደ ዓለም ገና ስለሚሄድ መቀመጡ ለሚልኬሳ ደረሰ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ሄደ።

እዚያ ያገኘውን ነገር ሰበታ ውስጥ ሌላ ቦታ አግኝቶት አያውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ስልክ የሚያወጣ ሰው የለም፤ የዕድሩ ሊቀመንበር ከድሩ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ፣ ስልክ ያወጣን ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ስለሚያየው ስልኩ ራሱ ያፍራል። ማንም ሰው ማንንም አይልክም፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ ነው። ወፍጮው ለባለቤቱ እናት ክብር ቆሟል፤ ጋራዡም ለወፍጮ ቤቱ ሲል ዝም ብሏል። ሚልኬሳ ሟቿን በሕይወት ሳሉ እምብዛም አያውቃቸውም ነበር። አሁን ግን ከልቡ አመሰገናቸው። አንገቱን ደፍቶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። ሴቶቹ ከተቀመጡበት በኩል አንዷ "ምን ያለ ጸሎተኛ ልጅ ነው!" ስትል ሰማ።

አጠገቡ የነበሩት ኦቦ ኢተፋ ነበሩ። ኦቦ ኢተፋ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከሰፈሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ገበሬ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ቀርተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ።

"ዳዊት ነው እንዴ፣ ጉርባ?" አሉት በሹክሹክታ።

"ጂዲፒ ነው፣ ኦቦ። አገር በዓመት ውስጥ ያመረተችው ሁሉ ሲደመር ማለት ነው።"

"ይሄ ንፍሮ ይደመራል?"

"ንፍሮው አይደመርም። ጎረቤት በነጻ የቀቀለው ነው፤ ገበያ ያልወጣ ነገር አይቆጠርም።"

"ሣጥኑስ?"

"ሣጥኑ ይቆጠራል። ተሠርቶ ተሸጧል።"

ኦቦ ኢተፋ ንፍሯቸውን እያኘኩ ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያው ሰው ሲሞት አገር ታድጋለች ማለት ነው።"

"በሣጥኑ ልክ።"

ከኋላቸው ከድሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊቆጣ ነው ብለው ሁለቱም ቀጥ አሉ።

"እኛ ያለ ሣጥን በከፈን ነው የምንቀበረው" አለ ከድሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አገር አናሳድግም ማለት ነው?"

"ከፈኑም የተገዛ ጨርቅ ነው፣ ጋሽ ከድሩ። ይቆጠራል።"

"ትንሽ ነው ግን።"

"ትንሽ ነው።"

"ቆጣቢዎች ነን" አለ ከድሩና ፊቱን መልሶ አኮሳተረ።

ድንኳኑ ሲነሳ ሚልኬሳ አሥሩን ጥያቄ ሠርቶ ላከ። ሃዋ ወዲያው ደወለች።

"ከማን ነው የኮረጅከው?"

"ስንት ነው?"

"ስምንት ነው፣ አንተ ሌባ።"

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ራሱን በራሱ አቋቋመ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በጠዋት ሲያልፍ ሌላው ሰው "ማን ይሆን?" ይላል፤ ሚልኬሳ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ከፍራሹ ሥር ያወጣል። ፍጆታና ቁጠባን በአንድ ጡረተኛ መምህር ለቅሶ ጨረሰ። ገንዘብና ባንክን በአንዲት ጠጅ ቤት ባለቤት፣ የዋጋ ንረትን በአንድ ግንበኛ አባት። አምስተኛው ምዕራፍ ሥራ አጥነት ነበር፤ የደረሰውም ከጎን ሰፈር ለሞተ አንድ ጎልማሳ ነው።

"ይሄ ሟች በሒሳባችሁ ሥራ አጥ ይባላል?" ብለው ጠየቁ ኦቦ ኢተፋ።

"አይባልም፣ ኦቦ። ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ እየፈለገ ያጣ ሰው ነው።"

"እሱማ ቆሞ ሲሄድም ፈልጎ አያውቅም።"

የአምስቱ ምዕራፍ ውጤት በቅደም ተከተል ስምንት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት ሆነ። ሃዋ ከቡራዩ ደውላ ሒሳቡን አስረዳችው።

"ድምሩ ሠላሳ ሰባት ነው። ግን ፈተና ቀን ትደነግጣለህ፤ ከየምዕራፉ አንድ አንድ ትጥላለህ። ሠላሳ ሁለት በል። ከስድስተኛው አራት ካላመጣህ አለቀልህ።"

"አራት ምን አላት?"

"ቤትህ ቁጭ ብለህ አራት አምጥተህ ታውቃለህ?"

አምጥቶ አያውቅም። ስድስተኛው ምዕራፍ የውጭ ንግድ ነው፤ ግማሹ ስለ ምንዛሪ ተመን፣ ግማሹ ስለ ክፍያ ሚዛን። ቤቱ አነበበው፣ ሁለት አመጣ። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ አነበበው፣ ስልኩ ብዙ አስደሳች ነገር አሳየው፣ ሁለት አመጣ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያነብ እንቅልፍ ወሰደው፤ ይህኛው አልተለካም።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ብርዱ ጠና። ሰበታ ግን በጤና ተመታች። ጥሩምባ ነፊው ሥራ ፈትቶ ጫማ ሲጠርግ ይውላል። ፈተናው ሰኞ ሊሆን ሁለት ሳምንት ቀረው፤ ማንም አልሞተም።

ሚልኬሳ በማንም ላይ ክፉ አልተመኘም። ይህ በትክክል መያዝ አለበት። የፈለገው የማይቀረው ነገር የማይቀር ከሆነ ከሰኞ በፊት ቢሆን ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ቢያውቀው። ስለዚህ ሕመምተኛ መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሳንባቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ ወታደር ቤት ሄደ። ብርቱካን ይዞ ገባ፣ ራስጌ ቁጭ ብሎ አተነፋፈሳቸውን በጥሞና ተከታተለ። በማግስቱ ሽማግሌው ተነስተው አጥር ሲያጥሩ ታዩ። ከዚያ ልባቸው የደከመ አሮጊት ጋ ሄደ፤ አሮጊቷ በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጡ። ስኳር ያለበት የሉካንዳ ነጋዴም እንዲሁ ተሻለው።

"እግሩ ቀና ነው" ተባለ። ወሬው ከሰበታ አልፎ ዓለም ገና ደረሰ። ከዓለም ገና ባጃጅ ተልኮ "እባክህ እናታችንን አንድ ጊዜ እያት" ተባለ። እናቱ ወርቅቱ ነጭ ነጠላ አልብሳ ላከችው፤ "ልጄ የተመረጠ ነው፣ ፈተናውን ተወው" ማለትም ጀመረች። ሚልኬሳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንቱን ሰው ከአልጋ አስነሳ፤ ስድስተኛውን ምዕራፍ ግን አልገለጠም።

ኦቦ ኢተፋ ጉንፋን ያዛቸው ሲባል በመጨረሻ እሳቸው ጋ ሄደ። ጋቢ ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?"

"ነጋ፣ ደህና ነኝ። ተቀመጥ። ምን ይዘህ መጣህ?"

"ብርቱካን።"

"ኪስህ ውስጥ ያለውስ?"

ሚልኬሳ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ። "ስድስተኛው ምዕራፍ ነው።"

ሽማግሌው ፊቱን አይተው፣ ኪሱን አይተው፣ እንደገና ፊቱን አዩት። በሁሉም ድንኳን አብረውት ተቀምጠዋል፤ የሚነገራቸው ነገር አልነበረም።

"ለእኔ ያመጣኸው ነው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ።"

"እውነቱን ንገረኝ። ከእኔ በፊት ማን ማን ጋ ሄድክ?"

ሚልኬሳ አንድ በአንድ ነገራቸው። ኦቦ ኢተፋ ፊታቸው ጠቆረ።

"እነዚህ ሁሉ ልጆች ናቸው እኮ! ያ ወታደር ሲጠመቅ እኔ ከብት እጠብቅ ነበር። እኔ እያለሁ እሱን ታስቀድማለህ? ምን አጎደልኩ?"

"ጠንካራ ነዎት ብዬ ነው።"

"ነኝ። ላንተ ፈተና ብዬም አልሞትም።"

"አይሙቱ።"

"እሺ ካልክ ጥሩ።" ብርቱካኑን ልጠው በሉ። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው "የቸገረህ ድንኳኑ ነው ወይስ ሬሳው?" አሉት።

"ድንኳኑ ይመስለኛል።"

"እንግዲያው ስማ። ልጅ የለኝም፤ ስሞት ማን ይደግስልኛል ብዬ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ካሰብኩ ቆየሁ። እሁድ እናድርገው። ድንኳኑ ቅዳሜ ጠዋት ይተከላል፤ ቅዳሜን ሙሉ ባዶ ነው። ያንተ ነው።"

ከድሩ መጀመሪያ አልተስማማም።

"የዕድሩ ድንኳን የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው፣ ኦቦ።"

"ሞቷል ብለህ ያዘው።"

"በእውነት ሲሞቱስ?"

"ያኔ ቅሬታ አላቀርብም።"

ከድሩ ይህን መልስ ከደንቡ ጋር አገናዘበው፤ የሚቃረን ነገር አላገኘም።

የኦቦ ኢተፋ ዘመዶች የሚኖሩት ሱሉልታ ነው። የእህታቸው ልጅ ገለቴ የቤተሰቡ አለቃ ናት። ኦቦ ኢተፋ ስልክ መጠቀም አያውቁምና የመጥራቱ ሥራ ለሚልኬሳ ተሰጠ። ከምሳ በኋላ ደወለ።

"ከሰበታ ነው። የኦቦ ኢተፋ ጎረቤት ነኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆኑም። ደህና ናቸው።"

"ደህና ናቸው?"

"በጣም ደህና ናቸው። ብቻ ኑ። ለእሁድ ዘመድ ሁሉ እንዲመጣ ነው።"

"እስቲ አገናኘኝ።"

"አሁን አይችሉም። ተኝተዋል።"

"እሺ" አለች ገለቴ በቀጭን ድምፅ። "እንመጣለን።"

በዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። "ደህና ናቸው፣ ብቻ ኑ" የተባለለት ሰው በሕይወት ተገኝቶ አያውቅም። ሚልኬሳ ይህን ያውቃል፤ የራሱን አያት ሞት የሰማው በዚሁ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡ ግን ምንዛሪው ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ኦቦ ኢተፋ ግቢ ውስጥ ተተከለ፣ አግዳሚዎቹ ተደረደሩ። ሚልኬሳ የተለመደው ቦታው ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ኦቦ ኢተፋ መጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

"እኔ ሟቹ ነኝ። እንዳላየኸኝ ሁን" አሉት።

ሚልኬሳ ማንበብ ጀመረ።

"አላዘንክም" አሉ ሟቹ።

"እየሞከርኩ ነው፣ ኦቦ።"

"ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ እንኳ ከዚህ የተሻለ አዝነሃል።"

"እሳቸው አያወሩም ነበር።"

ኦቦ ኢተፋ ተቀየሙና ዝም አሉ። ዝምታው ግን የለቅሶ ዝምታ አልነበረም፤ ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ዝምታ ነበር። ሚልኬሳ አንዱን መስመር ደጋግሞ አነበበው። አልገባውም። ከጓዳ የጠላ ሽታ ይመጣል፣ ደጋሾቹ ሴቶች ይስቃሉ፣ አንዷ "ሚልኬሳ፣ ውሃ አምጣልን" ብላ ጠራችው። ለቅሶ አልነበረምና ተነስቶ አመጣ።

ከውሃው ሲመለስ አንድ ሚኒባስ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። በሩ ገና ሳይከፈት ጩኸቱ ተሰማ።

"አጎቴ! ኤሱማ ኮ! ሳላይህ!"

ገለቴ ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከኋላዋ ከሱሉልታና ከጫንጮ የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ደረቱን እየመታ። ሚልኬሳ በዚያች ቅጽበት በስልክ የተናገረውን ቃል በቃል አስታወሰና ሊሮጥላቸው ተነሳ። ኦቦ ኢተፋም ተነስተው ነበር። ግን ወደ በሩ አልሄዱም። የሚልኬሳን ክንድ ጨብጠው መልሰው አስቀመጡት።

"ዝም በል" አሉት። "አንተ አንብብ። እኔ የሚሉትን ልስማ።"

ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ገብተው ከበሩ መጋረጃ በስተኋላ ቆሙ።

ድንኳኑ በለቅሶ ሞላ። ጎረቤቱ ጩኸት ሰምቶ ጎረፈ። ስለ ተዝካሩ የሚያውቁትም ሳይቀሩ ለቅሶውን ሲሰሙ ጠዋት ያዩዋቸውን ሽማግሌ ረሱ፤ "ትናንት ማታ ነበር እኮ ያየናቸው" እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ሳቃቸውን አቋርጠው መጡ። ጋራዡ ዝም አለ። ወፍጮው ቆመ። ከድሩ ኮስተር ብሎ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠና ስልክ ያወጣ ሰው ካለ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ።

ሚልኬሳ አንገቱን ደፋ። የምንዛሪ ተመኑ እንደ ውሃ ይገባው ጀመር። ብር ሲረክስ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለምን እንደሚወደድ፣ ወደ ውጭ የሚላከው ለምን እንደሚረክስ፣ ቋሚ ተመን ከተንሳፋፊው በምን እንደሚለይ ሁሉ ግልጽ ሆነለት። አንድ ዘመድ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "አይዞህ፣ ልጄ" አለው። "አይዞን" ብሎ መለሰና ገጹን ገለጠ።

ከመጋረጃው ጀርባ ኦቦ ኢተፋ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ገለቴ ደግነታቸውን ስትዘረዝር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ የጫንጮ ሰው በወጣትነታቸው ወንዝ ሙላት አሻግረውት እንደነበር ሲናገር፣ ያሻገረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ አላረሙትም። ድምፁ ሁሉ ምስጋና ነበር። የምንዛሪው ክፍል አልቆ ሚልኬሳ "የክፍያ ሚዛን" የሚለው ርዕስ ላይ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ መጋረጃው ሥር የተቀመጠው የገለቴ ባል ሶያማ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ጠጋ ብሎ ሹክ አለ።

"የዋህ ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሬ መምረጥ አያውቅም ነበር። የገዛው በሬ ሁሉ ለጋሚ ነው።"

መጋረጃው ተቀደደ።

"የትኛው በሬ?" አሉ ኦቦ ኢተፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ያስቸግራል። ገለቴ እንደገና ጮኸች፤ ይህኛው ጩኸት ከበፊቱ የተለየ ነበር። ሁለት ሴቶች ወደቁ። ሶያማ አግዳሚ ዘልሎ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ። ጸሎት የሚያደርስ ነበር፣ የሚስቅ ነበር፣ ኦቦ ኢተፋን እየዳሰሰ የሚያረጋግጥ ነበር። ከድሩ ብቻ ከቦታው አልተነሳም።

"ደንቡ ላይ ይሄ የለም" አለ።

"ዳለቻው በሬ ነው?" አሉ ኦቦ ኢተፋ ወደ ሚኒባሱ እየጮኹ። "ዳለቻው ለጋሚ ነው? ውጣና ንገረኝ!"

የእሁዱ ድግስ ቅዳሜ ተጀመረ። ጠላው ወጣ፣ ዘፈኑ ቀለጠ። ሚልኬሳ ወረቀቱን ይዞ አንድ ጥግ ፈለገ፤ "በአንተ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው" ተብሎ አግዳሚ እንዲያዘዋውር፣ ከዚያ እንጨት እንዲፈልጥ፣ ከዚያ ከሚኒባሱ አልወርድም ያለውን ሶያማን እንዲያግባባ ታዘዘ። እሁድ ቄሶቹ መጡ፣ ዘመድ ጨመረ፣ ፈላጩም አሳላፊውም እሱ ሆነ። ማምሻውን ሃዋ ደወለችለት።

"ስድስተኛውን ጨረስክ?"

"ግማሹን።"

"ግማሹን ምን ነካው?"

"ሟቹ ተነሳ።"

ሃዋ ሰክሯል ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ሰኞ ዝናብ እየዘነበ ወደ ፈተናው ገባ። ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ፤ ሃዋ ከቡራዩ ተነስታ መጥታ አብራው አየች፣ የታረመውን ወረቀትም ከመምህሩ ተቀብላ ገጽ በገጽ ቆጠረች። ከስልሳው ሠላሳ ሰባት አምጥቶ በአንድ ትርፍ አልፏል። ከስድስተኛው ምዕራፍ አሥር ጥያቄዎች በምንዛሪ ተመን ላይ የወጡትን አምስቱንም አግኝቷል፤ በክፍያ ሚዛን ላይ የወጡትን አምስቱንም ስቷል።